ቁልፉን የነቀለችው መካኒክ

ድንቅቱ ጎማ ሲዞር በጆሮዋ ነው የምትመረምረው። ቡራዩ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ሌላው መካኒክ መኪናውን በክሪክ ሰቅሎ፣ ጎማውን ወዲያና ወዲህ ነቅንቆ የሚደርስበትን፣ እሷ መኪናው ገና ከአምቦ መንገድ ወደ ጋራዡ ኮረኮንች ሲታጠፍ ትነግርሃለች። «የፊት ግራ ኩሽኔታህ አልቋል» ካለችህ አልቋል። ብትከራከራት ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች እንጂ ቃሏን አታጥፍም።

የተወለደችው እዚያው ቡራዩ ነው፤ ያኔ አሁን ፎቅና ብሎኬት የሞላበት ሁሉ የጤፍ ማሳ ነበር። አባቷ ኦቦ ሶያማ ገበሬ ነበሩ። ድንቅቱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ደላሎች አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። አባቷ ማንበብ አይችሉም፤ እንግዳ አክባሪ ስለነበሩ ግን ወንበር አውጥተው አስቀመጧቸው፣ እርጎ አቀረቡላቸው፣ ከዚያ «እዚህ ጋ» በተባሉበት ሁሉ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ለግማሹ ማሳ መስሏቸው ነበር። በዓመቱ መሬቱ ላይ ብሎኬት ማምረቻ ተተከለ፤ ኦቦ ሶያማም በገዛ ማሳቸው ላይ የሰው ብሎኬት ዘበኛ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ኖሩና ሞቱ። ድንቅቱ አባቷን ስታስብ ከፊታቸው ይልቅ ያ ሐምራዊ ቀለም የነካው ጣታቸው ነው የሚመጣባት። «እኔ ያላረጋገጥኩት ወረቀት ላይ አልፈርምም» የምትለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጋራዥ የገባችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። የጋራዡ ባለቤት ኦቦ ባጫ ሴት ልጅ ሥራ ስትጠይቃቸው ግራ ገባቸው፤ እንዲሰለቻት ብለው የአንድ አይሱዙ ካምቢዮን ሙሉ በሙሉ ፈታተው «ይህን በናፍጣ እጠቢ» አሏት። ማታ ሲመለሱ ብረቱ ሁሉ ታጥቦ፣ በወጣበት ቅደም ተከተል ጆንያ ላይ ተደርድሯል። አንድ ጥርስ ብቻ ለብቻው ተቀምጧል።

«ይሄስ?» አሏት።

«ተሰንጥቋል። መልሰው ቢገጥሙት ሌላውንም ይበላዋል።»

ኦቦ ባጫ ብረቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩትና «ነገ ቱታ ይዘሽ ነይ» አሉ። ይህ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

ጋራዡ ከሚያገለግላቸው ደንበኞች ትልቁ አክመል ነበር። አክመል ከሰበታ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ፣ አንደበቱ ለስላሳ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነው። ጣሪያቸው የሚከፈት ሦስት ላንድክሩዘሮች አሉት፤ በእነሱ ሰዎችን ወደ ብሔራዊ ፓርኮች እየወሰደ የዱር እንስሳት ያስጎበኛል። መኪናዎቹ ከጉዞ ሲመለሱ ሥራቸው የሚያርፈው ድንቅቱ እጅ ላይ ነው። ከባሌስትራው ቢጫ አቧራ ታራግፋለች፣ ከጎማው የግራር እሾህ ትነቅላለች፤ አንዴ ራዲያተሩ ላይ የጃርት ወስፌ ተሰክቶ አገኘች። የአክመል ሹፌር ገመቺስ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ያየውን ያወራላታል፤ ቀንዷ እንደ ጦር ስለቀናው ሳላ፣ ጅራታቸውን እንደ አንቴና አቁመው ስለሚሮጡት ከርከሮዎች። ድንቅቱ ከሥር ተኝታ ትሰማለች። እሷ ራሷ ከአዳማ ወዲያ አልፋ አታውቅም።

አንድ ቀን አክመልን «ባዶ ወንበር ያለ ቀን አንድ ጊዜ ብሄድስ?» አለችው።

አክመል ሳቀ። «ድንቅቱዬ፣ ወንበሩ እኮ ለእንግዳ ነው።»

ደግማ አልጠየቀችም።

ባለፈው ኅዳር፣ ለአዋሽ ጉዞ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ገመቺስ አንዱን ላንድክሩዘር ይዞ መጣ። የፊት ግራ ኩሽኔታው ያፏጫል። ድንቅቱ አወጣችውና «ይቀየር» አለች። አክመል ከሰዓት በኋላ ራሱ ካርቶን ይዞ ደረሰ። ድንቅቱ አዲሱን ኩሽኔታ መዳፏ ላይ አሽከረከረችው፣ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፣ መልሳ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ፎርጅድ ነው።»

«ኦሪጅናል ነው። ካርቶኑን አንብቢው።»

«ካርቶኑን ጎማ ውስጥ አልገጥመውም» አለች።

አክመል ወደ ኦቦ ባጫ ዞረ። ኦቦ ባጫ ወደ ድንቅቱ ዞሩ። ሌላ ኩሽኔታ ለመፈለግ ጊዜ የለም፣ እንግዶቹ ነገ ጠዋት ነው የሚነሱት። «ለጊዜው ግጠሚው ልጄ» አሏት በልመና ድምፅ። ገጠመችው። «መኪናው ለጉዞ ብቁ ነው» የሚለው ወረቀት ሲመጣ ግን እጇን በጨርቅ እየጠረገች «እኔ አልፈርምም» አለች።

«ሃያ ዓመት ስትፈርሚ ኖረሽ ዛሬ ምን ነካሽ?» አለ አክመል።

«ሃያ ዓመት የፈረምኩት ላመንኩበት ነው።»

አክመል ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን የተናደደ ሰው ፈገግታ ነበር። «ይህን ያህል ከጠረጠርሽው አብረሽ ሂጂና ጆሮሽን ለጥፈሽ አድምጪው እንግዲህ!»

«እሺ» አለች ድንቅቱ። «እሄዳለሁ።»

ቀልዱን ነበር። ነገር ግን ገመቺስና ሦስት መካኒኮች ሰምተዋል፤ ቃሉን መዋጥ አልቻለም። «በቱታ እንግዳ ፊት እንዳትቀርቢ» ብሎ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ኦቦ ባጫ አንገታቸውን ደፍተው በራሳቸው እጅ ፈረሙ።

ድንቅቱ በማግስቱ የመጣችው በቱታ ነው። ሰማያዊውን ቱታዋን አጥባ፣ ተኩሳ፣ እስከ አንገቷ ቆልፋው ነበር። ባሏ ኢፋ፣ ሆለታ አበባ እርሻ ከመሄዱ በፊት የመሣሪያ ሳጥኗን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። «አንበሳ ካየሽ ምን ትዪዋለሽ?» አላት። «መንጃ ፈቃድ አሳየኝ» አለችው። እየሳቁ ተለያዩ።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፣ እናትና ልጅ፣ ሁለቱም የሰበታ ሰዎች። እማማ ራቢአ አርባ ዓመት ጨርቅና ክር የነገዱ፣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ምላሳቸው ግን ምንም ያልነካው ሴት ናቸው። ልጃቸው ሬሐና ባንክ ትሠራለች፤ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ጉዞውን ያዘጋጀችው እንስሳት ለማየት ነው። እናቷ ግን እሺ ያሉት በሌላ ምክንያት እንደሆነ ገና ቢሾፍቱ ሳይደርሱ ተናገሩ።

«ፓርኩ ውስጥ ፍልውሃ አለ አሉ። እኔ ጉልበቴን ልነክር ነው የምሄደው። እናንተ አውሬያችሁን እዩ።»

ድንቅቱ ከኋላ፣ ከሻንጣዎቹ ጋር ተቀምጣ ታዳምጣለች። አዳማ ላይ ቆመው ቁርስ ሲበሉ ወርዳ የፊት ግራውን ቸርኬ በመዳፏ ነካችው። ሞቅ ብሏል። መተሐራ ላይ ደግማ ነካችው፤ ከአዳማው ይበልጣል። አዋሽ ከተማ አድረው ጠዋት ሳይነሱ በፊት ጎማውን ፈትታ ግሪስ ጨመረችበት፣ አጠበቀችው። ገመቺስ በጭንቀት ያያታል።

«ይችላል?» አላት።

«እስኪ እንሰማዋለን።»

ፓርኩ በር ላይ አደም የሚባል ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠብመንጃውን ይዞ ከፊት ተቀመጠ። ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። «ሳልፈቅድ ከመኪና የሚወርድ የለም» አለ፤ ከዚያ በቀር ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ኢላላ ሳላ ሜዳ ገቡ። ገመቺስ ጣሪያውን ከፈተው። ሬሐና ቆመች፤ ድንቅቱም ከኋላ ቆመች፣ አትቁሚ ያላት አልነበረም። ሜዳው ወርቅማ ሣር ለብሶ እስከ ፈንታሌ ተራራ ግርጌ ተዘርግቷል። መጀመሪያ ያየቻቸው ከርከሮዎቹን ነው፤ እውነትም ጅራታቸውን አቁመው ነበር የሚሮጡት። ከዚያ ሁለት ሰጎኖች። ከዚያ ሳላዎቹ፤ አሥራ ምናምን ይሆናሉ፣ ግራጫ፣ ፊታቸው ላይ ጥቁር የተሳለባቸው፣ ቀንዳቸው እንደ ረጅም ካቻቢቴ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የቆመ። ሃያ ዓመት አቧራቸውን ስታራግፍ የኖረችላቸው እንስሳት እነዚህ ናቸው። ማልቀስ ስላልፈለገች የጣሪያውን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች።

ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማችው።

ሌላው አልሰማውም። ቀጭን ነው፣ ከሣሩ ሹክሹክታ ብዙ አይለይም። ዝዝዝ ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ዝዝዝ ይላል።

«ገመቺስ፣ አቁም።»

«ምን አየሽ?» አለች ሬሐና ካሜራዋን እያዞረች።

«አላየሁም። ሰማሁ።»

አደምን አስፈቅዳ ወረደች። አደምም ጠብመንጃውን ይዞ አጠገቧ ቆመ። መዳፏን ቸርኬው ላይ ልታሳርፍ አስጠጋች፤ ሳትነካው ወላፈኑ ገፋት። ከውስጥ የተቃጠለ ግሪስ ይሸታል።

«መኪናው ከዚህ በኋላ አይሄድም» አለች።

ገመቺስ ስልኩን አውጥቶ ለአክመል ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። አክመል ረጋ ብሎ አዳመጠና፣ «ቀስ ብለህ ንዳ» አለው። «ፕሮግራሙ ላይ ፍልውሃ አለ፤ ፍልውሃ አድርሳቸው። መኪናው ሲመለስ ይታያል። እሷ ለሽርሽር ነው የሄደችው፣ አትስማት።»

ከሜዳው ተነስቶ ወደ ፍልውሃ ለመድረስ ዋናውን አስፋልት ተሻግሮ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ድንጋያማ መንገድ ነው። ድንቅቱ መንገዱን ባታየውም የመኪናዎቹን እግር ስትጠግን ኖራለችና ታውቀዋለች። ገመቺስ ስልኩን ዘግቶ በኦሮምኛ «ማሎ፣ ድንቅቱ» አላት፤ እባክሽ ማለቱ ነው። «ልጆች አሉኝ። ቀስ ብዬ እነዳዋለሁ።» እጁን ወደ ቁልፉ ላከ።

ድንቅቱ በሹፌሩ መስኮት ክንዷን አስገብታ ቀደመችው። ቁልፉን ነቀለች፣ የቱታዋ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተችው፣ ኪሱን ቆለፈች።

ከዚያ እማማ ራቢአ መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ነይ እስቲ አንቺ። ቁልፉን ወዲህ በይው።»

«እማማ፣ አልሰጥም።»

«እኔ ከሰበታ ድረስ የመጣሁት የሜዳ ፍየል ለማየት አይደለም! ለጉልበቴ ነው። አሠሪሽ ሂዱ ብሏል፤ ሹፌሩ እነዳለሁ ብሏል። አንቺ ማን ነሽ?»

«መካኒኳ ነኝ።»

«እና?»

«እና ፍልውሃው የትም አይሄድም፣ እማማ። ጎማው ግን ይሄዳል።»

«በልጄ ዕድሜ ያለች ሴት እንዲህ ስትመልስልኝ!» አሉ እማማ ራቢአ ወደ ልጃቸው ዞረው። ሬሐናም ተቆጣች፤ ቅሬታ እንደምታቀርብ፣ ስሟንም እንደምትጽፍ ነገረቻት።

«ድንቅቱ ሶያማ» አለች ድንቅቱ። «ከነአባቴ ስም ጻፊው።» እጇ ከኪሷ ላይ አልተነሳም።

አደም እስካሁን አድማሱን ሲያይ ቆይቶ፣ «ከመኪናው ሁለት ክንድ ሳትርቂ መሥራት ትችያለሽ» አላት። የወገነላት እሱ ብቻ ነው፣ ያም ወገንተኝነት ከተባለ።

ክሪኩን አወጣች። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስጠጋች፣ መኪናውን አነሳች፣ ብሎኖቹን ፈታች፣ ፍሬኑን አወጣች። ብረቱ እስኪበርድ ጠብቃ ኩሽኔታውን ስታወጣው እንደ ሰማያዊ እሳት ቀለም አውጥቷል፤ በውስጡ ከሚሽከረከሩት ብረቶች ሁለቱ ተጨርፈዋል። ገመቺስ አይቶት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ሳትጠይቀው ስልኩን አንስቶ አዳማ ወዳለ ጓደኛው ደወለ፤ እውነተኛውን ኩሽኔታ ገዝቶ በሚኒባስ ወደ መተሐራ እንዲልክለት።

«አምጪው እስቲ፣ ልየው» አሉ እማማ ራቢአ ከውስጥ።

ድንቅቱ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። ብረቱ ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም በአውራ ጣታቸው ፈተጉት፤ ፊደሉ እንደ ጥላሸት ለቀቀ። ጣታቸውን ለልጃቸው አሳዩዋት።

«አየሽ? ኦሪጅናል ከሆነ ጽሑፉ ብረቱን ወግቶ ይገባል። ይሄ ላዩ ላይ የተቀባ ነው። አርባ ዓመት በክር ማህተም ስታለል ኖሬ በብረት የምታለል መስሎት ነው?» ከዚያ ድምፃቸውን ለወጡ። «አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ። ለዚህ ነው ያልፈረምኩት። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ገጥመሽዋል ግን።»

ድንቅቱ ዝቅ ብላ መሬት አየች። «ገጥሜዋለሁ። አልገጥምም ማለት ነበረብኝ።»

ሬሐና ከቁጣዋ ቀዝቀዝ ብላ፣ «ቢሄድ ይሰበር ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«አላውቅም። ፍልውሃ ደርሰን በሰላም እንመለስ ይሆናል። መንገድ ላይ ጎማው ወጥቶ እንገለበጥም ይሆናል። አንዱንም ልምልልሽ አልችልም። እኔ የማውቀው አሁን ያለበትን ነው።»

እማማ ራቢአ የገመቺስን ስልክ ተቀብለው ለአክመል ደወሉ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» ነበር ሰላምታቸው። «የኡበይድ? የጨርቅ ነጋዴው የኡበይድ? አባትህ እኮ ጨርቅ ሲሸጥ ሜትር አያሳጥርም ነበር።» ከዚያ መልስ ሳይጠብቁ ስልኩን መለሱ። ለድንቅቱ ግን አላመሰገኗትም፤ ውሃ ብቻ አቀበሏት።

ጥበቃው ረጅም ነበር። ሞተሩ ከጠፋ፣ ሰዉም መጮህ ካቆመ በኋላ ሜዳው መልሶ ራሱን ሆነ። መኪናው ሲመጣ የሸሹት ሳላዎች ጥቂት በጥቂት ተመለሱ። ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ አንዷ ከመንጋው ተለይታ ከመኪናው መቶ ክንድ የማይሞላ ቦታ ደረሰችና ሣሩ ውስጥ አቀረቀረች። የተኛ ነገር ተነሳ። ቀይ ቡናማ፣ እግሩ ገና ያልጸና ጥጃ ነበር።

«ቀበሮ» አለ አደም በዝግታ።

ሁለት ነበሩ። አንዱ ከፊት እየመጣ እናቲቱን ያዘናጋታል፣ ሌላው ከኋላ በሣሩ ውስጥ ተጎንብሶ ወደ ጥጃው ይቀርባል። ሬሐና ካሜራዋን ረሳችው። ሳላዋ አልሸሸችም። ጥጃውን በሆዷ ሥር አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ እነዚያ ረጃጅም ቀንዶች ከሰማይ ወደ መሬት ወረዱ። የፊተኛው ሲጠጋ አንድ ጊዜ ብቻ በቀንዷ አንስታ ወረወረችው፤ ቀበሮው ጮኾ ተገልብጦ ተነሳ። የኋለኛው ሊነጥቅ ሲዘል በቦታዋ ዞረችበት። እንዲህ እያለች ዞረች፣ ዞረች። ወጥታ አላሳደደቻቸውም፤ ከጥጃው አንድ እርምጃ አልራቀችም።

«ያ ረቢ! በይው! በይው!» አሉ እማማ ራቢአ በሹክሹክታ፣ ጉልበታቸውን ረስተው በወንበሩ ላይ ቆመው።

ቀበሮዎቹ በመጨረሻ ሰለቻቸው፤ ጉዳይ እንደሌለው ሰው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። አደም የዚህ ፓርክ ስካውት ሆኖ አሥራ ሁለት ዓመት ሲኖር ይህን ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳየ ነገራቸው። «መኪና አይቆምም እኮ» አለ። «ፎቶ አንስቶ ይሄዳል።» በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

ኩሽኔታው ሰባት ሰዓት ላይ ከመተሐራ በፓርኩ ፒክአፕ ደረሰ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ድንቅቱ መዳፏ ላይ አሽከረከረችው፣ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው፣ ራሷን ነቀነቀችና ገጠመችው። ከዚያ የቱታዋን ኪስ ከፍታ ቁልፉን ለገመቺስ ሰጠችው።

«አሁን ፍልውሃ ውሰዳቸው።»

ሄዱም። አመሻሽ ላይ እማማ ራቢአ በዘንባባዎቹ ሥር ሁለት ጉልበታቸውን ሰማያዊው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ቀጥለውም «መካኒኳ የታለች? ትምጣና እጇን ትታጠብ» ብለው አስጠሯት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። አላለቀም።

አክመል ሦስቱንም መኪናዎች ከኦቦ ባጫ ጋራዥ አነሳለሁ አለ፤ ካልሆነ ድንቅቱ ይቅርታ ትጠይቅ። የይቅርታውንም ደብዳቤ ራሱ አስጽፎ ላከው። «ሥልጣን ሳይኖረኝ የድርጅቱን መኪና በማቆሜና በእንግዶች ፊት የድርጅቱን ስም በማጉደፌ» ይላል። ከታች የፊርማ ቦታ አለ።

ኦቦ ባጫ በዕረፍት ሰዓት ጠርተው ወረቀቱን ዘረጉላት። ክፉ ሰው አይደሉም። ስምንት ሠራተኛ የሚኖረው በእነዚያ መኪናዎች ነው፤ እሳቸውም አርጅተዋል።

«አንድ ገጽ ናት ልጄ። ፈርሚያትና ሥራችንን እንሥራ።»

«አባቴም የፈረሙት አንድ ገጽ ነበር፣ ኦቦ ባጫ።»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።»

«ለእኔ አንድ ነው። ውሸት ነው የተጻፈው። ኩሽኔታውን እርስዎም አይተውታል።»

ኦቦ ባጫ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «እንግዲህ እኔም አቅሜ ይሄ ነው» አሉ።

ድንቅቱ የመሣሪያ ሳጥኗን ሞላች። የእሷ የሆኑትን ብቻ ለይታ ነው የወሰደችው። ስትወጣ መካኒኮቹ ከየመኪናው ሥር አንገታቸውን አውጥተው አዩዋት። ቤት ገብታ ለኢፋ ነገረችው። ኢፋም፣ «ይቅርታ ጠይቂ እንዳልልሽ አውቅሻለሁ» አላት። «እንዳልተቆጣሁም አትቁጠሪው፤ ተቆጥቻለሁ። ግን በአንቺ አይደለም።»

በሳምንቱ ከአምቦ መንገድ ዳር፣ ሰው ከሚኒባስ ከሚወርድበት በታች፣ ሸራ ወጥራ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ የመጣላት ሰንሰለቱ የወጣ ብስክሌት ነው። ከዚያ ባጃጆች። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በሸራው ቀዳዳ አንገቷ ላይ ይወርዳል። የሚያልፈው ሁሉ ይመክራታል፤ «ምን አለበት፣ እንጀራ እኮ ነው፣ ብትፈርሚ ምን ትሆኛለሽ?» ይላታል። «ፈራሚ እሆናለሁ» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ያስጨነቃት ቀን አልነበረም ማለት አይቻልም። ጥር ላይ ለሁለት ሳምንት የረባ ሥራ ሳታገኝ ቆይታ፣ ኢፋ እንዳያያት ከቤት ወጥታ ሸራው ሥር ያለቀሰችበት ጠዋት ነበር። አልቅሳ ስታበቃ ያንኑ ቱታ ቆልፋ የአንድ ጎረምሳ ባጃጅ ፍሬን አሰረች።

የካቲት ላይ ገመቺስ መጣ። ከአክመል ጋር ተለያይቶ ለሌላ ድርጅት መንዳት ጀምሯል። ከሸራው ፊት ለፊት አንድ ላንድክሩዘር አቁሞ ወረደ።

«ነገ ወደ ባሌ ነው» አላት። «ሳትሰሚው አልሄድም።»

ሰማችው። አንድ ብሎን አጠበቀች። በማግስቱ ሌላ ሹፌር መጣ፤ እሱ ደግሞ ከሱሉልታ ድረስ ነው። ሹፌር ለሹፌር ሲናገር ከሬዲዮ ይፈጥናል። ድንቅቱ አንድ ደንብ አወጣች፤ ከባድ ሥራ የሠራችለትን የጉዞ መኪና በመጀመሪያው ጉዞው አብራው ትሄዳለች፣ ከእንግዳ እኩል ወንበር ላይ። ያልተስማማው ሌላ ጋራዥ ይሂድ። የሄዱ አሉ። የቀሩትም አሉ። እስካሁን ባሌ ሁለት ጊዜ፣ አዋሽ ሦስት ጊዜ ደርሳለች። ሬሐናም ያለችውን ቅሬታ ጽፋለች፤ ግን በድንቅቱ ላይ አልነበረም፤ ስለ ፎርጅዱ ኩሽኔታ ለራሱ ለአክመል ነበር የጻፈችው።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ኦቦ ባጫ በእግራቸው መጡ። ድንቅቱ የአንድ አይሱዙ ባሌስትራ ብቻዋን ልታወጣ እየታገለች ነበር። ተነስታ በሁለት እጇ ሰላም አለቻቸው፤ የተገለበጠ ሳጥን ጠርጋ አስቀመጠቻቸው።

«አክመል ተመልሷል» አሉ ኦቦ ባጫ። «ሄዶ ሄዶ የትም አላማረውም። ደብዳቤውን ትቶታል፤ ይቅርታም አይፈልግም። ተመለሺ ልበልሽ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ብቻ፣ ከመኪናው ጋር መሄዱን ተይ ይላል።»

«አልተውም፣ ኦቦ።»

«እሱንም?»

«እሱን በተለይ። ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው የሠራው ሰው ይሁን፤ እርስዎ አይደሉም። በዚህ ከተስማማ መኪናውን እዚህ ያምጣው። እኔ ግን ከዚህ አልነሳም።»

ኦቦ ባጫ ሸራውን አዩ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ ከመንገዱ የሚረጨውን ጭቃ አዩ። ኮታቸውን አውልቀው ሳጥኑ ላይ አስቀመጡ፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ጠቀለሉ፣ በሽማግሌ ጉልበታቸው መሬት ላይ ተንበርክከው የባሌስትራውን ሌላኛውን ጫፍ ያዙ።

«በይ፣ አንሺ» አሏት።